የጫንጮው ልጅ ቀኝ እግር

እናቴ ከግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ቆማ ለተከራያችን ለማሪቱ የምትነግራትን ስሰማ ጥርሴን እየፋቅሁ ነበር። መፋቂያው አፌ ውስጥ እንዳለ ቆመ። «ጫንጮ ነው፤ ከገበያው አለፍ ብሎ» ትላለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የእህቴ ባል ዘመድ ነው። ልጁን ቀኝ ታፋው ላይ ወጉት፤ ይኸው ቀኝ እግሩ ከግራው ረዝሞ ቀረ። ግራውን ይውጉት፤ ቀኙን ግን እንዳታስነኪ።» የማሪቱ ባልዲ ሞልቶ እግሯ ላይ ይፈሳል፤ እሷ ልብ አላለችውም። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ልጅ ሁለት ወር ተኩሉ ነው። የክትባት ቀጠሮው ነገ ነበር፣ ሐሙስ። «ኧረ በስመ አብ!» አለች፤ እጇን ወደ ኋላ ልካ የልጇን ቀኝ እግር ጨበጠች፣ ገና ከአሁኑ የሚሸሽ ይመስል።

ይህን ወሬ አውቀዋለሁ። አባቱ እኔ ነኝ። እኔ ስፈጥረው ግን እንዲህ አልነበረም። የእኔ የጫንጮ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቀኝ እግሩ በደወል ይደርሳል፣ ግራው በእረፍት ሰዓት ይገባል፤ አባቱ ጫማ በሁለት ቁጥር ሲገዛ ሲገዛ ከስሯል፤ የክፍል ፎቶ ሲነሳ ቀኝ እግሩ ለብቻው ይከፍላል። እናቴ ደወሉንም፣ ጫማውንም፣ ፎቶውንም አውጥታ ጥላ በምትካቸው የእህቷን ባል ዘመድ አስገብታበታለች። ውሸቴ ቀልዱን አራግፎ፣ ጨዋ ሆኖ፣ ሽማግሌ መስሎ ወደ ግቢዬ ተመለሰ። እኔ ሳቅ ያለበት ውሸት ሰው አይጎዳም ባይ ነበርኩ። ሳቁን ሲያወጡለት ምን እንደሚመስል የት አይቼው። «እማ፣ ተይ እንጂ» ልል አፌን ስከፍት የወንድሜ ሚስት የሚንሃ ድምፅ ከቤት ውስጥ ወጣ። «ኡዘይር! ባጃጁን አስነሳ! ልጄ እየተነፈሰች አይደለም፣ እየሮጠች ነው!»

የወንድሜ የአክመል ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹም ቤት ሳይሆን መጋዘን ነው። ዓለም ገና ከተማ ያለችው ሱቁ ስለማትበቃው ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ከአልጋው ራስጌ እስከ ኮርኒሱ ደርድሮታል፤ ሰው ሲያስነጥስ ይንኳኳል። አክመል ራሱ ሌሊት ወጥቶ ዕቃ ሊያስጭን ገላን ሄዷል። ሚንሃ የፋብሪካ ገዋኗን ለብሳ፣ ሰርቪስ ሊያመልጣት ሁለት ደቂቃ ሲቀራት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሲድራን ታቅፋለች። ሲድራ ስምንት ወሯ ነው። እኔን ስታይ የምትስቅ ልጅ ናት፤ እኔ ገና ሳልናገር የምትስቅልኝ ብቸኛዋ ሰው። ያን ጠዋት አላየችኝም። አፍንጫዋ ይከፈታል ይዘጋል፤ ደረቷ ከጎድኗ በታች በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጉንፋኑ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ማር በሎሚ ተሰጥቷታል፣ ቅባት ተቀብታለች፣ ያለንን ሁሉ አልብሰናታል። እናቴ ገብታ አየቻትና ምንም ሳትል ነጠላዋን አነሳች።

በሐምሌ የግቢያችን መውጫ መንገድ አይባልም፤ ጭቃው ጎማ ይይዝና ይደራደራል። ዋናው የጅማ መንገድ ላይ ስንወጣ የጭነት መኪናዎቹ ተሰልፈዋል። ከኋላዬ እናቴ በአንድ ጎን፣ ሚንሃ በሌላው፣ ሲድራ በመካከላቸው። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ወይም የሚሰማኝ ይመስለኛል። የባጃጁ ባለቤት ኦቦ ጃለታ ደወሉ። «አካም ቡልቴ፣ ኡዘይር? ጠዋቱን ተራ ላይ የለህም አሉኝ።»

«ኦቦ፣ የወንድሜ ልጅ ታማብኝ ጤና ጣቢያ እየወሰድኳት ነው። የዛሬው ገቢ…»

«ያንተ ሰዎች መታመም አያልቅባቸውም። በጥር አጎትህን ቀበርክ። በሚያዝያም ቀበርክ። ያው አጎት ነው ወይስ ተተካ?»

«ኦቦ፣ የአሁኑ እውነት ነው።»

«ያኔም እውነት ነው ብለኸኝ ነበር» አሉና ዘጉት። አልተቀየምኳቸውም። አንዴ ፉሪ ላይ ጅብ ጭኜ ሂሳብ ስጠይቀው «ወራጅ አለ» ብሎ ዘለለ ብዬ የነገርኳቸውም እሳቸውን ነው፤ ያን ቀን ግማሽ ገቢ ምረውኛል። ከሰው ጋር ያለኝ ኑሮ እንዲህ ነው፦ ሲስቁ ይምሩኛል፣ ሲደክማቸው አያምኑኝም።

ጤና ጣቢያው ሰበታ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል፤ እርጥብ ሹራብና ወተት ይሸታል። የሲድራን አተነፋፈስ ያየ ሁሉ ተራውን ለቀቀልን። ጤና መኮንኑ ሽመክት ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ግን የወጣት አይደለም። ልብሷን ገልጦ ሰዓቱን ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ። አንድ ደቂቃ ያን ያህል ርዝመት እንዳለው አላውቅም ነበር። «ስልሳ ስምንት» አለ። «በእሷ ዕድሜ ሃምሳ ከደረሰ ብዙ ነው። የሳንባ ምች ነው፤ ደረቷም እየገባ ነው። መርፌዋን እዚሁ እጀምርላታለሁ፤ ከዚያ ሆስፒታል ሂዱ፣ ኦክስጅን ያስፈልጋታል።» እየተናገረ ይጽፋል። «የክትባት ካርድ ይዛችኋል?»

ሚንሃ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩን በመሀረብ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። የመሬት ካርታ ያለው ሰው እንደዚያ አይጠነቀቅም። ሽመክት በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ጎበዝ፣ የተሟላ ነው» ብሎ መለሰላት፤ ሊያጽናናት ነው መሰለኝ። ሚንሃ ግን እዚያው ፈረሰች። «ታዲያ ምን ጠቀማት?» አለች ጮኻ። በሩ ክፍት ነበር። «አርባ አምስት ቀን ሲሞላት ራሴ አመጣኋት፣ ሥራ ስገባ እማ አመጡልኝ፣ አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም! የሳንባ ምች እንዳይነካት ነው አላላችሁኝም? ለምንድነው የምትወጉብን ታዲያ? ለምን ታስለቅሱብናላችሁ?»

በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግር እናት፣ ክትባት ይሁን ሌላ ምን ልታስደርግ እንደመጣች እንጃ፣ የያዘችውን ካርድ ቀስ ብላ ወደ ጉያዋ መለሰችው። ሌላዋ ከጎኗ ላለችው አንሾካሾከች። የጫንጮው ልጅ ሁለተኛ ወንድም ሲወለድ በዓይኔ አየሁ፤ ይኸኛው ደግሞ ቀልድ እንኳ አልነበረበትም። እናቴን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚንሃ የመጀመሪያውን ራሷ አስወግታ፣ ሥራ ስትገባ የሁለት ወር ተኩሉንና የሦስት ወር ተኩሉን እናቴ ወሰደቻት፤ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ለግራ ታፋ አንድ፣ ለቀኝ ታፋ አንድ መርፌ አለ፤ የቀኙ ነው የሳንባ ምች መከላከያው። የጫንጮውን ልጅ የፈጠርኩት በመንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ እናቴ ስትሰላች። ሳቀች። ስንደርስ ግን የሲድራን ቀኝ እግር በነጠላዋ ሸፍና «ግራዋን ውጉ፤ ቀኟን እናቷ ራሷ ታምጣት» አለች። ክትባት የምትሰጠው ያኔት ለመነቻት፣ አስረዳቻት፣ በመጨረሻም ግራውን ወግታ የቀኙን ቦታ ባዶ ተወችው። ሁለተኛውም ጊዜ እንደዚያው። «ሚንሃ እንዳታይብኝ» አለችኝ እናቴ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከትምህርት የተረፈችኝ ቁጥር አሳምሮ መገልበጥ ናት። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከላይ ካለው መስመር ቀኑን ገልብጬ ሁለቱን ባዶ ቦታ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላሁ። የያኔትንም ፊርማ አስመሰልኩ፤ እንዲያውም ከእሷ የእኔው ያምራል። እናቴ ስልክ ስለሌላት መዝገቡ ላይ ያለው የእኔ ቁጥር ነው። ያኔት ሦስት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው «ሱሉልታ ገብተዋል፤ እዚያ ተወግታለች» አልኳትና ቁጥሯን «ክትባት አታንሳ» ብዬ መዘገብኩት።

«አልተወጋችም» አልኩ።

ሽመክት ከጽሑፉ ቀና አለ። ሚንሃ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ደገምኩት፤ ድምፄን ለኮሪደሩም እንዲበቃ አድርጌ። «የቀኙ ሁለት ጊዜ ቀርቶባታል። አንዱን ብቻ ነው የወሰደችው። የቀረውን ካርዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» የሚስቅ ሰው ጠበቅሁ። ተናግሬ ሰው ሳይስቅ ሲቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሽመክት ካርዱን መልሶ ወስዶ ወደ መስኮቱ አቀረበው፤ ቆየ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሚንሃ፣ እንደደከመው ሰው ለስለስ ብሎ፣ «ቢሟላላትም ሳንባ ምች ፈጽሞ አይዛትም አልልሽም» አላት። «ሁሉንም አያስቀርም። እንዲህ አድርጎ የሚጥለውን ግን አብዛኛውን ያስቀርልሽ ነበር። አሁን ጊዜ አናጥፋ።» ሲድራ መርፌዋን ስትወጋ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ አጭር አጭር ነበር፣ ትንፋሽ የማይበቃው። በሩ አጠገብ ያለችው ልጅ እግር ካርዷን ታውጣ አታውጣ አላየሁም። አወጣች ብዬ ልዋሽ እችል ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ ነዳሁ። ዝናቡ መጣ፤ የባጃጁን ሸራ ጣልኩት። በመስታወቱ ውስጥ የሚንሃ ፊት ይታየኛል። አንድ ጊዜ ብቻ አፏን ከፈተች፤ «የትኛው ታፋዋ ነው?» አለች። «ቀኙ» አልኳት። እጇን በብርድ ልብሱ ስር አስገብታ የልጇን ቀኝ ታፋ ያዘች። እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

ሆስፒታል የሚባል ነገር ሰውን በማስኬድ ነው የሚያደክመው። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ እንደገና ካርድ ክፍል። ሲድራ ትንሽዬ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ በፕላስተር ተለጥፎላት ሕፃናት ክፍል ገባች፤ አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሚፈቀድ ሚንሃ ከእሷ ጋር ቀረች፤ እኔና እናቴ ደረጃው ስር። አንዱን መድኃኒት ከውጭ ግዙ ተባልን። ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር። ፋርማሲው ውስጥ ብሩን ስቆጥር ያ የቀኙ መርፌ በነፃ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ሲሰጥ የተጠየቅነው ምንም አልነበረም፣ እግሯን ብቻ። ሚንሃ የቀረችበት ቀን ደመወዝ የሚቆረጥባት ከቀኑ አበል ጋር ነው፤ ከሦስት ቀን በላይ ከቀረች የወሩ ማበረታቻም ይሄዳል። ሐኪሟ ደግሞ ቢያንስ አምስት ቀን ትተኛለች ብላለች። አክመል ያስጫነውን ዕቃ ገላን አውርዶ፣ የጭነቱን ሂሳብ ከፍሎ፣ ባዶ እጁን መጣ። ሱቁ ተዘግቷል። የእኔም ገቢ የለም። አንዲት ስምንት ኪሎ የማትሞላ ልጅ ስትታመም አራት ሰው ሥራ አቆመ። ይህን ወንድሜ አልነገረኝም፤ ወንድሜ ምንም አልነገረኝም። ሚንሃ በስልክ ነግራው ነው የመጣው። ከፊቴ ቆሞ ብዙ አየኝ፣ ጃኬቱን አውልቆ ለእናታችን ደረበላትና ወደ ላይ ወጣ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ልጅ ሆነን በትንሹም በትልቁም ይመታኝ ነበር፤ መምታት ማለት ነገሩ ያልቃል ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ወጥታ ትንፋሿ ወደ ሃምሳ ስድስት ወርዷል አለችን። ልብስና ቴርሞስ ይምጣ ተባለ። እናቴን ጭኜ ወደ ቤት አቀናሁ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ይጨሳል። ከኋላዬ ለማጅራቴ ነው የምትናገረው፤ እኔም ለመንገዱ።

«እማ፣ የጫንጮው ልጅ የለም።»

በመስታወቱ ነጠላዋን ስታስተካክል አየኋት።

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መንገዱ ተዘግቶ እንድትስቂ ብዬ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀብኝ፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ሰደበኝ፤ በደንብ አድርጎ፣ በሁለት ቋንቋ። «እኔ ነኝ የወለድኩህ» አለች እናቴ፤ ስድቡ እስኪያልቅ ጠብቃ። «መቼ እንደምትዋሽ ይጠፋኛል? አፍህ ሳይከፈት ቅንድብህ ይነሳል። ንዳ፣ ሰው መንገድ ይፈልጋል።» ነዳሁ። ዓለም ገና መታጠፊያ ስንደርስ ነው የቀጠለችው። «የመጀመሪያዋን የተወጋች ቀን አተኮሳት። ሚንሃ ገና አራስ ነበረች፣ አቅም የላት፤ አክመል ሲነጋ ሱቁ። አንተም የትም። ሁለት ቀን ይዣት የዞርኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ። በጀሪካኑ መሃል ወዲያ ወዲህ። እንዴት ዋልሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ሲመጣ ሁለት መርፌ ሁለት ትኩሳት ነው፣ አንዱን ላስቀርላት አልኩ። ለእሷም ለእኔም። የትኛው የምን እንደሆነ ጠይቄ መች አውቄ። አንተ ቀኙ ስላልክ ቀኙ ሆነ። ግራ ብትል ግራውን ነበር የምሸፍነው።»

ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የሚያምነኝ ውሸቴ ስለሚያምር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ውሸት የሚወስደው ልክ እንደ ወንበር ነው፤ ደክሞት ሲያገኘው ይቀመጥበታል።

ግቢ ስንገባ ማሪቱ ልጇን ይዛ ከደጅ ጠበቀችን፤ ዓይኗ ያበጠ ነው፣ ስታለቅስ ውላለች። ሲድራ እየተሻላት መሆኑን ነገርናት። ጊዜ ሳልሰጥ «ማሪቱ፣ ጠዋት እማ የነገረችሽ የጫንጮ ወሬ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያወራሁት፤ ነገ ሁለቱንም አስወጊው» አልኳት።

«ሂድ ወዲያ!» አለች። «ልጅ ኦክስጅን ላይ ተኝታ አንተ አሁንም ትቀልዳለህ?»

«ወላሂ፣ ማሪቱ።»

«ወላሂ ብለህ አይደል የፉሪውን ጅብ የነገርከኝ? ባለቤቴ ተሾመ እኮ ዘበኛ ነው፤ ስንት ሌሊት ጅብ አይቶ አንዱም ታክሲ ሲይዝ አላየም። እኔ እናትህን እማማ ራህመትን ነው የማምነው። እሳቸው ዕድሜ አላቸው።»

እናቴ እየሰማች ነበር። ወደ ማሪቱ ክፍል ገባች፤ ሳትጋበዝ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ። «ልጁን ስጪኝ» አለቻት። ጭኗ ላይ አስተኝታ ሱሪውን ዝቅ አደረገችና ሁለቱን እግሮቹን አጋጠመች፤ ተረከዝ ከተረከዝ፣ አውራ ጣት ከአውራ ጣት። «ማሪቱ፣ ጫንጮ ዘመድ የለኝም። ሄጄም አላውቅ። አንደኛውን እግር ሸፍኜ የልጅ ልጄን ለዚህ የዳረግኋት እኔ ነኝ። ነገ ግራውንም ቀኙንም አስወጊ።» ማሪቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። «ማታ ቢያተኩሰው ወደ እኔ አምጪው፤ አንቺ ትተኛለሽ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለች እናቴ። ከዚያ ዞራ አየችኝ። «እሱም ይይዘዋል። እጅ አለው።»

ቴርሞሱን ሞልቼ፣ ልብሱን በፌስታል ከትቼ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ስልኬ ላይ ከሚንሃ አንድ መልእክት ነበር፣ ሁለት ቃል፦ «ጡት ያዘች»። ለእኔ ይሁን ለእናቴ የላከችው አልለየውም፤ ስልኩ የጋራችን ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ «ክትባት አታንሳ» የሚለውን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ።

ያኔት ወዲያው አነሳች። ከኋላዋ በር ሲቆለፍ ይሰማል፤ ወደ ቤቷ ልትወጣ ነው። የሲድራን ሙሉ ስም ነገርኳት። «ሱሉልታ የገቡት?» አለች።

«አልገባንም። እዚሁ ነን።»

«ሱሉልታ አላላችሁኝም እንዴ? የትኛውን ልመን?»

«የአሁኑን» አልኳት። የቀረውንም ነገርኳት፦ ሁለቱን ባዶ ቦታ፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ፣ ፊርማዋን። አንዲት ጥሩ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። ያኔት ተመልሳ በሩን ስትከፍት፣ መዝገብ ስትገልጥ ሰማሁ። በመጨረሻ ተነፈሰች፤ ሙሉ ትንፋሽ፣ ሳይቆራረጥ። እንዴት ደስ እንደሚል።

«ሱሉልታ የሚለውን ሰርዤዋለሁ» አለች። «ከሆስፒታል ስትወጣ የቀራትን እሰጣታለሁ፤ ካርዱን ይዛችሁ ኑ። እናቷም ትምጣ፣ አያቷም ይምጡ።»

«እኔም አመጣቸዋለሁ።»

«አምጣቸው» አለች ያኔት። «እስክሪብቶህን ግን ቤት ተወው።»